ሶፍት ላይ የሚታይ ደም፦ ኪንታሮት ይሆን? ቤት ውስጥስ ይታከማል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 38 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ሰገራ ስወጣ ሶፍቱ ላይ ደም አያለሁ። ደማቅ ቀይ ነው፤ ግን አያመኝም። ሳምጥ ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ይወጣና ስነሳ ተመልሶ ይገባል። ድርቀትም አለብኝ። አንድ ጓደኛዬ ነጭ ሽንኩርት ልጠህ አስገባ አለኝ። ሌላው የሚያቃጥል ምግብ ተው ይለኛል። ሐኪም ጋ ሄጄ እንዳልታይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርኩ። ምንድን ነው ያመጣብኝ? ቤቴ ታክሜ መዳን እችላለሁ? ወደ ካንሰርስ ይለወጣል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ኪንታሮት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ነገር ግን የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይደማል። ሰው «ያው ኪንታሮቴ ነው» እያለ ወራት ይገፋል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቤትዎ ማድረግ የሚችሉትን በሙሉ እነግርዎታለሁ፤ አንድ ጊዜ መታየትዎ ግን አይቀርም።

ኪንታሮት የሚሆነው ነገር ከውጭ የመጣ ባዕድ አካል አይደለም። ማንም ጤነኛ ሰው ፊንጢጣው ውስጥ ደም ሥር የሞላባቸው፣ ትራስ የሚመስሉ ለስላሳ አካላት አሉት። ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ሥራቸው በሩን ገጥሞ መዝጋት ነው። ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስንስቅ ጋዝም ፈሳሽም እንዳያመልጠን ያግዛሉ። ደህና እስከሆኑ ድረስ መኖራቸውንም አናውቅም። ችግር የሚመጣው ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የያዛቸው ስስ ሕብረ ሕዋስ ሲላላ ነው። ያኔ ደም ይቋጥራሉ፣ ያብጣሉ፣ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ደረቅ ሰገራ ሲያልፍ ይፍቃቸዋል፤ ይደማሉ።

እየደማ ለምን አያምዎትም? ከፊንጢጣ በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሁለት ሽፋኖች ወሰን አለ። ከወሰኑ በላይ ያለው ሽፋን ሕመም አይሰማውም ማለት ይቻላል። ከወሰኑ በታች ያለው ግን ቆዳ ነው፤ ሕመም በደንብ ይሰማዋል። ከላይ የሚነሳውን የውስጥ ኪንታሮት፣ ከታች የሚነሳውን የውጭ ኪንታሮት እንለዋለን። የውስጡ ያለ ሕመም ይደማል። የውጩ ያሳክካል፤ ደም ከረጋበት ደግሞ ቁጭ ብድግ ያሳጣል።

የውስጡን በአራት ደረጃ እንከፍለዋለን። 1ኛው ይደማል እንጂ አይወጣም። 2ኛው ሲያምጡ ይወጣና በራሱ ይመለሳል። 3ኛው በጣት ካልገፉት አይገባም። 4ኛው ቢገፉትም አይገባም። ከጻፉልኝ ተነስቼ የእርስዎ 2ኛ ደረጃ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፤ ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። 1ኛና 2ኛ ደረጃ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ በሚደረግ ነገር ይበርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰገራ ሲወጡ የሚቆርጥ፣ የሚሰነጥቅ ሕመም ቢኖርዎት፣ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ቢያቃጥልዎት ኖሮ የምጠረጥረው ኪንታሮት አልነበረም። ያ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ሕክምናው የተለየ ነው። ብዙ ሰው ስንጥቅ ይዞ ለወራት የኪንታሮት ቅባት ሲቀባ ይኖራል።

አሁን ወደ «ምንድን ነው ያመጣብኝ?»። እርስዎ የሥራ ወንበሩን ጠርጥረዋል። ወንበሩ ከደሙ ንጹሕ ነው ባልልም፣ እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው የሽንት ቤቱን መቀመጫ ነው። መሐሉ ክፍት ነው። ዙሪያችን ተደግፎ ሳለ ፊንጢጣ ከታች ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ጡንቻው ይላላል፤ ደም ወደ ታች ይወርዳል፤ ደም ሥሮቹ ይሞላሉ። ለሦስት ደቂቃ ምንም ማለት አይደለም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ለዓመታት ሲሆን ግን ያ ስስ ሕብረ ሕዋስ እየተጎተተ ይላላል። ማማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ባሰ። ሲያምጡ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ከታች ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ደም እዚያው ይታገዳል።

እስቲ ልጠይቅዎት፤ ስልክዎን ይዘው ነው የሚገቡት? አብዛኛው ሰው ይዞ ነው የሚገባው፤ ወቀሳ አይደለም። በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለአንጀት ምርመራ የመጡ 125 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሽንት ቤት ስልክ ከሚጠቀሙት ላይ ኪንታሮት የመገኘቱ ዕድል በ46 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስልኩ ራሱ በሽታውን አመጣ ለማለትም አያስችልም። ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ የመቀመጥ ልማድ ስልክ በሚይዙት ላይ በብዙ እጥፍ ይታይ ነበር። ለእኔ ይኼ ይበቃኛል። ስልኩን ውጭ ይተዉት።

ከዚህ ውጭ ያሉት መንስኤዎች ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ድርቀት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ፣ እርግዝና፣ ውፍረት፣ አሰር (ፋይበር) ያነሰው አመጋገብ። ዕድሜም አለበት፤ ከ45 እስከ 65 ባለው በብዛት ይታያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መድኃኒት ነው። የአይረን እንክብል፣ እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች፣ አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች አንጀትን ያደርቃሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ድርቀትዎ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በገዛ እጅዎ ከማቋረጥዎ በፊት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ።

የሚያቃጥል ምግብ ኪንታሮት አያመጣም። ያበጠ ነገር ላይ ሲያልፍ ሊያንገበግብ ይችላል፤ ያ ሌላ ነው። ካንገበገብዎት ለጊዜው ይቀንሱ፤ ካላንገበገብዎት ይብሉ። ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥም እንደዚሁ በከንቱ ስሙ ይነሳል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የቅባት ስም ነው። እደርስበታለሁ። ቅባት ግን ማሳከኩንና ማቃጠሉን ያበርዳል እንጂ ሥር ያለውን ነገር አይነካውም። ሰገራዎ ደርቆ፣ አማጠው እስካወጡት ድረስ በዓለም ያለ ቅባት ሁሉ ቢደረደር ዋጋ የለውም። ሰገራው ከለሰለሰ ግን ኪንታሮቱ በአብዛኛው ራሱን ይችላል።

ሰገራን የሚያለሰልሰው አሰር ነው፤ ፋይበር የሚባለው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ስለዚህ በምግብ ልንገርዎት። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም አካባቢ አለው። በአንድ ምግብ የቀኑን ግማሽ አገኙ ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ፖም ከነልጣጩ 4 ግራም ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ አሰር የሚባል ነገር የለም። ቁርስዎን፣ ምሳዎን፣ እራትዎን በዚህ ዓይን አንዴ ይዩት። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አጃ፣ ያልተፈተገ እህል፣ አትክልት፣ ከነልጣጩ የሚበላ ፍራፍሬ መሐል ላይ ያስገቡ።

በአንድ ቀን ግን አይዝለሉ። ሆድዎ ይነፋል፤ ጋዙ ያማርርዎታል፤ በሦስተኛው ቀን «ይኼ ነገር አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል። በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ውኃም አብሮ ይጨመር፤ ያለ ውኃ የበዛ አሰር ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሽንትዎ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃው በቂ ነው፤ ሊትር መቁጠር አያስፈልግም።

ከምግብ ብቻ አልሆን ካለዎት ፋርማሲ ውስጥ ሳይሊየም ወይም ኢስፓጉላ የሚባል የዘር ገለባ ዱቄት አለ። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ቶሎ ይጠጡት፤ ሲቆይ ይወፍራል። በደረቁ በፍጹም አይዋጡት፤ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል። አሰር ብዙ የተጠና ነገር ነው። ጥናቶቹ አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ኪንታሮት ባለባቸው ሰዎች ላይ የመድማቱን ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ግን ፈጣን አይደለም። እስከ ስድስት ሳምንት ይስጡት። ደሙ በሳምንት አልቆመም ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

እስከዚያው ድርቀቱ ከበረታብዎ እንደ ላክቱሎዝ ወይም ማክሮጎል ያለ ማለስለሻ ለጥቂት ቀናት መውሰድ ይቻላል። ግባችን ተቅማጥ አይደለም። ለስላሳ፣ ቅርጹን የያዘ፣ ሳያምጡ የሚወጣ ሰገራ ነው የምንፈልገው። ቅጥን ያለውም በተራው ያቃጥላል።

የአቀማመጡን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከመድኃኒት እኩል አየዋለሁ። ሰውነት ሲጠራዎት ይሂዱ፤ «ይቺን ሥራ ልጨርስና» አይበሉ። አንጀት ሰገራውን ይዞ በቆየ ቁጥር ውኃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ብዙ ሰው ላይ አንጀት የሚነቃው ከቁርስ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጊዜ ይኑርዎት። መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ እግርዎ ሥር ዝቅ ያለች ዱካ ያድርጉ። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ይበል፤ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉ። ይህ የመጨረሻውን የአንጀት መታጠፊያ ያቃናዋል። ትንፋሽዎን አፍነው አይግፉ፤ በአፍዎ እየተነፈሱ ሆድዎን ዘና ያድርጉ። አምስት ደቂቃ ሞልቶ ምንም ካልመጣ ይነሱ። ሌላ ጊዜ ይመጣል።

ለማሳከክና ለማበጥ ከማውቀው ሁሉ ቀላሉ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ነው። ሰፋ ያለ ንጹሕ ሳፋ ይበቃል። ውኃው የሚያቃጥል አይሁን፤ የእጅ አንጓዎን አስነክተው ይሞክሩት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ። ሙቀቱ የፊንጢጣን ጡንቻ ያፍታታል። ጨው፣ ዲቶል፣ ሳሙና፣ ቅጠል ምንም አይጨምሩበት። ውኃው ብቻውን ይበቃል፤ ዲቶልማ ቆዳውን አስቆጥቶ ማሳከኩን ያባብሰዋል። ሲወጡ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ እንጂ አይሹት። ደረቅ ሶፍት ከመፈግፈግ በውኃ መታጠብ ይሻላል። ሽቶ ያለው እርጥብ ሶፍትም ይቅርብዎ።

እንግዲህ ቅባቱ። ሊዶኬይን ያለበት ለጊዜው ያደነዝዛል። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ያለበት ማሳከኩንና ማበጡን ይቀንሳል፤ ግን ከሰባት ቀን አይለፍ። ሲበዛ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይቆስላል። ተራ ቫዝሊን ከሰገራ በፊት ትንሽ መቀባት ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ ጉዳትም የለውም። ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማቱን ሊያበዙ ይችላሉ። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ደግሞ መልሶ ያደርቅዎታል።

የጓደኛዎን ነጭ ሽንኩርት በተመለከተ፦ እባክዎ አያድርጉት። የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ስስ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፤ ያቆስላል። እዚያ ቦታ ላይ ቁስል ማለት በቀን በቀን ሰገራ የሚያልፍበት ቁስል ማለት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። «ኪንታሮትን ቆርጦ ይጥላል» ተብለው የሚቀቡ ዱቄቶችና ፈሳሾች አሉ። አንዳንዶቹ ሥጋ የሚበሉ ኬሚካሎች ናቸው። እብጠቱን ያነሱታል፤ እውነት ነው። ግን ከእብጠቱ ጋር ጤነኛውን ቆዳም ይበሉታል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆንና ፊንጢጣ ይጠባል። ያኔ ሰውየው ሊታከም የሚመጣው ኪንታሮቱን አይደለም፤ ሰገራው የሚያልፍበት መንገድ መጥበቡን ነው። ያንን ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከኪንታሮቱ ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። በምላጭ መቁረጥ፣ በክር ማሰር፣ ጥርስ ሳሙና መቀባትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እርስዎ አልገጠመዎትም፤ ቢገጥምዎት ግን እንዳይደነግጡ አንድ ነገር ልንገርዎ። አንዳንዴ ሰው በአንድ ጀንበር ፊንጢጣው ጠርዝ ላይ የወይን ፍሬ የምታክል፣ ጠንከር ያለች፣ ሰማያዊ መሰል እብጠት ያገኛል። ስትነካ ታስጮኻለች። የውጭ ኪንታሮት ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ እየቀነሰ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይለቃል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ፣ ለብ ያለ ውኃና ፓራሲታሞል ያግዛሉ። ሕመሙ ካላስቻለ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሱ አካባቢውን አደንዝዞ ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ ካለፈ መጠበቁ ይሻላል። ቤት ውስጥ በመርፌ ማፍረጥ ግን አይታሰብ።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት ልመለስ፤ መታየትዎ ለምን አይቀርም? ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሶፍት ላይ ወይም ሰገራው ላይ ላዩን ከታየ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው። ግን «አብዛኛውን ጊዜ» ነው። ደሙ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ፣ ጠቆር ካለ፣ ሳያስቡት ክብደት ከቀነሱ፣ የሰገራ ልማድዎ ተለውጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ከወጡም በኋላ አልጨረስኩም የሚል ስሜት ካልለቀቀዎት፣ ደረጃ ሲወጡ ልብዎ የሚመታና ቶሎ የሚደክምዎት ከሆነ ቤት ውስጥ ሙከራ አያስፈልግም፤ ይሂዱ። ከቤተሰብዎ የአንጀት ካንሰር የታመመ ካለም እንደዚሁ። ዕድሜው ከ45 ያለፈ ሰው ደግሞ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራሱን ማሳመን የለበትም። እርስዎ 38 ነዎት፤ እነዚህ ምልክቶችም ከሌሉ ይበልጥ የሚያስጠረጥረው ኪንታሮት ራሱ ነው። ሆኖም ሁለት ወር ሙሉ የደማ ነገር በዓይን መታየት አለበት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱም አሉ። ደሙ አልቆም ብሎ ራስዎን ካዞረዎት፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የወጣው ኪንታሮት አልገባ ብሎ ከጠቆረና ከባድ ሕመም ካመጣ፣ ወይም የፊንጢጣ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ። የመጨረሻው መግል የቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ካስቸገረዎትማ ይበልጥ ያጣድፋል።

ማፈርዎ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚፈራው ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ነው፤ ስለዚህ ልንገርዎት። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ያጥፋሉ። ከላይ ይሸፈናሉ፤ የሚገለጠው የሚታየው ቦታ ብቻ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ከውጭ ያያል። ቀጥሎ ጓንት አጥልቆ፣ ጄል ቀብቶ በአንድ ጣት ይዳስሳል። ሰገራ የመጣ ይመስልዎታል፤ አይመጣም፤ ስሜቱ ነው። ከዚያ የጣት ያህል ርዝመት ባላት ቱቦ ውስጡን በብርሃን ያያል። የውስጥ ኪንታሮት በጣት አይለይም፤ በቱቦዋ ነው የሚታየው። ጠቅላላው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእርስዎ የሕይወትዎ ትልቁ ሐፍረት ሊመስልዎት ይችላል። ለሐኪሙ ግን የማክሰኞ ጠዋት ሥራ ነው።

አሰሩም አቀማመጡም ተሞክሮ ደሙ ካልቆመ ቀዶ ሕክምና ላይ አንዘልም። ለ1ኛ፣ ለ2ኛና ለአንዳንድ 3ኛ ደረጃ ኪንታሮት በትንሽ የጎማ ቀለበት ሥሩን ማሰር አለ። ሕመም በማይሰማው ክፍል ላይ ስለሚታሰር ሳያደነዝዙ ይሠሩታል፤ መክበድና መወጠር ግን ይሰማል። ደም ሲቋረጥበት ይደርቅና ከሳምንት አካባቢ በኋላ ከቀለበቱ ጋር ይወድቃል፤ ብዙ ሰው መቼ እንደወደቀም አያውቅም። በዚያ ሰሞን ትንሽ ደም ቢታይ የሚጠበቅ ነው። በመርፌ የሚሰጥ ማድረቂያም አለ። ቆርጦ ማውጣት ለ4ኛ ደረጃና ሌላው ሁሉ ለማይበግረው ይቆያል፤ የማገገሚያው ሕመም ቀላል ስላልሆነ።

ለቀጠሮው ሆድዎን ማጽዳት ወይም መጾም አያስፈልግዎትም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም ጽፈው ይያዙ፤ በተለይ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ካለ ቀለበት ከመታሰሩ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የደም ማነስ ምርመራም ያሠሩ፤ ሁለት ወር የደማ ሰው ሳይታወቀው ሊያንሰው ይችላል። አይረን ከታዘዘልዎ ደግሞ እንደሚያደርቅ ያስታውሱና አሰሩንና ውኃውን ከዚያው ቀን ጀምሮ ከፍ ያድርጉ።